ያልቀለጠው በረዶ

ማቴዎስ የጎልፍ ቦርሳውን አዝሎ በጋይንቷ አርብ ገበያ ከተማ ከመኪና ሲወርድ ነሐሴ ከባተ አንድ ሳምንት ሆኖት ነበር። ዝናቡ ከሰኔ ጀምሮ አላባራም። ጉሙ ከተማዋን ውጧት ከቆርቆሮ ጣሪያ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። በእንዲህ ያለ ቀን ጎልፍ ለመጫወት ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው አእምሮው ደህና ነው ወይ ተብሎ ቢጠየቅ ማቴዎስ ራሱ እርግጠኛ ሆኖ አይመልስም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ስኮትላንድ ነው። ተምሮ በቀረበት አገር፣ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ሰዎቹ በየዓመቱ ነሐሴ ሲመጣ ተሰብስበው ወደ ተራራ ይወጣሉ፤ ጎልፍ ይጫወታሉ፤ ተመልሰው ዓመቱን ሙሉ እሱኑ ያወራሉ። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «የእናንተ ተራራ እኮ እኛ አገር ጉብታ ነው» የሚል ቃል ከማቴዎስ አፍ አመለጠ። በዚያው ተያዘ። «እንግዲያስ ዘንድሮ ያንተ አገር!» አሉ። ነሐሴ እዚያ የፀሐይ ወር ነው፤ ጋይንት ላይ ግን ምን እንደሆነ ያውቃል። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ሲል አንዱ ቀን ቆረጠ፣ አንዱ ትኬት ጠየቀ፣ እሱም በይሉኝታ ታስሮ ቀረ። በመጨረሻው ሳምንት ሦስቱም ጓደኞቹ አንድ በአንድ ተንጠባጠቡ፤ አንዱን ሚስቱ ከለከለችው፣ አንዱን ወገቡ፣ አንዱን ስለ ማቴዎስ አገር የሰማው ዜና። «አንተ ግን ሂድ» አሉት፤ «በእኛም ስም ተጫወት። የነጥብ ካርዱን አምጣልን።»

እናቱን ካየ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። እናቴን ላያት ነው የምሄደው ማለት አንድ ነገር ነው፤ እሱ ግን ለእናቱም በስልክ፣ «ለጨዋታ ነው የምመጣው» ብሏት ነበር።

መሕቡብ የተባለ፣ ጃንጥላና ሳሙና በአህያ ጭኖ በየመንደሩ የሚዞር ነጋዴ ቦርሳውን አይቶ ተጠጋ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ምንድን ነው? ክላሽ ነው እንዳልል በዛ፤ ጃንጥላ ነው እንዳልል ከበደ።»

«የጨዋታ ዱላ ነው።»

መሕቡብ ቆጠረው። «አሥራ አራት ዱላ? ከስንት ሰው ልትጣላ ነው የመጣኸው?»

ቢሆንም ቦርሳውን አህያው ላይ ጫነለት፤ መንገዳቸው አንድ ነበር። ሦስት ሰዓት በጭቃ ተጉዘው የእናቱ ደጃፍ ሲደርሱ ወይዘሮ ታደለች ልጇን አቅፋ አለቀሰች፤ እልል አለች፤ ከዚያ ብረቶቹን አንድ በአንድ እያወጣች ታገላብጥ ጀመር።

«ለአረም የሚሆን አለበት?»

«የለም እማዬ።»

«ይሄን ሁሉ ብረት ተሸክመህ አንድ ለአረም የሚሆን የለበትም?» መልሳ ከተተቻቸው። «ጤፌ በአረም ታንቋል፣ ማቴ። አባትህ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያለ አረም አላየሁም። ቡሄ ባለፈ ሐሙስ ደቦ ጠርቻለሁ። ሀብቴ ሃያ ሰው ይዞልኝ ይመጣል። ያን ቀን ካልታረመ ግን ጤፍ የለም፤ ዓመቱን ሙሉ አረም ስንበላ ነው።»

ሀብቴ ጎረቤታቸው ነው። በዚያ ቀበሌ ደቦ የሚወጣው እሱ ሲያስተባብር ነው፤ እሱ የቀረበት ደቦ ሰው የለበትም።

ሰኞ ነሐሴ አሥራ ሁለት፣ ሚካኤል ሆነ። የደብሩ ታቦት ራሱ ሚካኤል ስለሆነ ያን ቀን ማንም ሞፈር አይነካም። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። ማቴዎስም አሰበ፤ በዓል ማለት ዕረፍት ነው፣ ዕረፍት ማለት ጨዋታ ነው፣ መስኩም ባዶ ነው። እርግጠኛ ባይሆንም ቦርሳውን አዝሎ ከገደሉ አፋፍ ወደሚገኘው ግጦሽ ወጣ። ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ እንድትሆን አንዲት የቲማቲም ጣሳ መሬት ውስጥ ቀበረ፣ ለምልክት ቀይ ሻሽ በእንጨት አስሮ አጠገቧ ተከለ። ከዚያም መታ። ኳሷ በጉሙ ውስጥ ጠፋች። ሌላ መታ፤ ብረቱ የረጠበውን መሬት ዘልቆ የጫማ ሶል የሚያህል ሣር ከነሥሩ ገንጥሎ ወረወረ። አራት ኳስ አጥቶ፣ ስድስት ቦታ መሬት ገልብጦ ሊመለስ ሲል ጉሙ ጥቂት ገለጥ አለ። ሀብቴ ከማዶ፣ ነጠላውን እንዳደገደገ፣ ቆሞ ያየው ነበር። ማቴዎስ እጁን አነሣለት። ሀብቴ አላነሣም።

ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። የሀብቴን የባቄላ ማሳ፣ አበባ የያዘውን፣ አንድ ሳያስቀር ደበደበው። የታደለች ጤፍ ላይ ግን አንዲት የበረዶ ፍሬ አልወደቀችም።

በማግሥቱ ቡሄ ነበር። ሀብቴ ከቅዳሴ መልስ አራት ነጭ ነገር በቆቡ ይዞ መጣ። ከደጅ ቆመ፤ ግባ ቢባል እምቢ አለ።

«ታደለች፣ ይሄን እዪው። በረዶው ሁሉ ቀለጠ። እኒህ አራቱ እምቢ አሉ።»

«ምንድን ነው አያ ሀብቴ?»

«በረዶ! ከባቄላዬ ውስጥ ነው የለቀምኋቸው። አንዱን ከምድጃ ዳር አስቀመጥሁት፤ አልቀለጠም። አንዱን ከአምና ከተረፈው ባቄላ ጋር ቀቀልሁት፤ ባቄላው በሰለ፣ እሱ እንዳለ ነው። ደግሞ ቁጥር አለበት።» በጣቱ እየነካ ቆጠራቸው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ለእኔ ተብሎ፣ ተቆጥሮ ነው የተላከብኝ።»

ማቴዎስ ዝም ቢል ይሻለው ነበር። «አያ ሀብቴ፣ እሱ የኔ ኳስ ነው» አለ።

ሀብቴ በረጅሙ ተነፈሰ። «ተመስገን። የላከውም ተገኘ።»

ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል። ሚካኤልን የሻረ ሰው ቤት ዓመቱን ሙሉ ደቦ አይወጣም። ታደለች የሐሙሱን ጠላ ጠምቃ ጨርሳ ነበር፤ ጋኑን ዞር ብላ አየችው፣ ከዚያ ጤፏን፣ ከዚያ ልጇን። ማቴዎስን የጎዳው ይሄ ነበር።

ነገሩ የኔታ ወልደማርያም ዘንድ ቀረበ። የኔታ በወጣትነታቸው እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ከተባለው ደብር ገብተው የዜማውን መጽሐፍ ድጓን የዘለቁ፣ የመንደሩም ሰው ሁሉ የነፍስ አባት ናቸው። ከደጀ ሰላሙ ሥር ተቀምጠው፣ ማዶ ልጆች የሚያጮኹትን የቡሄ ጅራፍ እያደመጡ፣ መቋሚያቸውን አገጫቸው ላይ አስደግፈው ሰሙ።

«ሣሩን ከነሥሩ ነቅለሃል?»

«አዎ፣ የኔታ። ሳላስበው ነው።»

«በብረት?»

«በብረት።»

«ታዲያ ማረስ ማለት ምንድን ነው?» ብሎ ሀብቴ ብድግ አለ። «በብረት ሣር መገልበጥ አይደለም?»

«ያለ በሬ?» አለች ታደለች።

«በሬ የሌለው ድኻ ቆፍሮ ቢዘራ አላረሰም ልትዪ ነው?»

«ጨዋታ ነው ያለህ! በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል አልሰማህም?»

«ገና ታኅሣሥ ነው ታደለች! ባቄላ በሌለበት ወር ነው!»

የኔታ እጃቸውን አነሡ። «ነገሩ ቀላል ነው። ጨዋታ ከሆነ አልሻረም፤ እነዚያ ልጆችም ጅራፍ እያጮኹ ነው። ሥራ ከሆነ ሽሯል። በምን እንለየው?» ጅራፍ የሚያጮኹትን ልጆች አየት አደረጉ። «የሚጫወት ሰው ደስ ይለዋል። የሚሠራ ሰው ፊቱን ይቋጥራል። ይጫወት፤ እንየው።»

ማቴዎስ ደነገጠ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ደስ ይልሃል ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ራሱም ራሱን ጠይቆ አያውቅም።

መንደሩ በሙሉ በካፊያ ወደ መስኩ ወጣ። መሕቡብም ለቡሄ ሳሙና ሊሸጥ መጥቶ ስለነበር ተጠራ። «አንተ በዓሉ አይመለከትህም» አሉት የኔታ፤ «ለማንም አታደላም። ፊቱን እይልን።» መሕቡብ ጃንጥላውን ዘርግቶ ከማቴዎስ ፊት ለፊት ቆመ።

የመጀመሪያው ዱላ አየር መታ። ሁለተኛው ጭቃ። ጭቃው ተመልሶ የማቴዎስ ግንባር ላይ ተለጠፈ። በሦስተኛው ኳሷ ሃያ እርምጃ ሄዳ ሣር ውስጥ ተሸሸገች፤ መንደርተኛው ጎንበስ ብሎ ፈለገለት፤ አንዲት ሴትዮ አገኘቻት። ማቴዎስ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«እህስ?» አሉ የኔታ።

መሕቡብ ራሱን ነቀነቀ። «የኔታ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ደስ ያለውን ሰው ፊት አውቀዋለሁ። ይሄ ዋጋ ቀንስልኝ ብሎ እምቢ የተባለ ሰው ፊት ነው።»

«አላልሁም?» አለ ሀብቴ። «ቆይ፣ ተጋጣሚህስ ማን ነው? በገና ወዲያም ወዲህም ሰው አለ።»

«የለኝም። ከራሴ ጋር ነው የምጋጠመው።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። «ምስኪን» አለች ኳሷን ያገኘችው ሴትዮ።

የኔታ ግን ቀና አሉ። «ከራስህ ጋር? ማሸነፍህንና መሸነፍህን ማን ያውቃል?»

ማቴዎስ ካርዱን ከኪሱ አወጣ። «ስንት ጊዜ እንደመታሁ እዚህ እጽፋለሁ። ብዙ የመታ ይሸነፋል።»

«ማን ይጽፋል?»

«እኔው።»

«ማንም ሳያይህ? በጉም ውስጥ? ጥፋትህን ራስህ ቆጥረህ፣ ራስህ ትጽፋለህ?» የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። «ስሙ። ሰውየው ብቻውን ይወጣል። ዝናብ ይመታዋል። የጠፋበትን ይፈልጋል። ደስታ የለውም። ጥፋቱን በእውነት ይቆጥራል። ይሄ ሥራ አይደለም፤ ጨዋታም አይደለም። ይሄ ንስሐ ነው! ንስሐ ደግሞ በሚካኤል ዕለት ቢገቡት መልካም ነው።»

ታደለች እጇን ወደ ሰማይ አነሣች።

«አንድ ነገር ብቻ ቀረ» አሉ የኔታ። «ቆጠራው እውነት ከሆነ ነው ንስሐ የሚባለው። ሐሰት ጽፈህ ታውቃለህ?»

ማቴዎስ እናቱን አየ። ዓይኗ፣ በል እንጂ፣ አላውቅም በል ይላል። ከበስተኋላዋ ቁልቁል ማሳዋ ይታያል፤ ከዚያ ርቀት ጤፉና አረሙ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው። አንዲት ቃል ብቻ ናት። ቢናገራት ሐሙስ ሃያ ሰው ይወጣል። እዚያ ባሕር ማዶ፣ በፀሐይ፣ ለምንም ለማይረባ ነገር ስንት ጊዜ እንዲህ ያለችውን ቃል ተናግሯል።

«ሁልጊዜ ነው የምዋሸው፣ የኔታ» አለ። «ሰባት መትቼ አምስት እላለሁ። ኳሷ ስትጠፋብኝ ከኪሴ ሌላ ጥዬ አገኘሁ እላለሁ። አንድ ቀን እውነተኛ ካርድ ጽፌ አላውቅም።»

ታደለች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ሀብቴ» አሉ የኔታ ቀስ ብለው። «ቢዋሽ ይድን ነበር?»

«ይድን ነበር።»

«በእናቱ ጤፍ ላይ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ኃጢአቱን አውጥቶ ተናገረ። ይሄ ምን ይባላል?»

ሀብቴ መሬት መሬት አየ። «ንስሐ ነው እንጂ… ምን ይባላል።»

«ዛሬ ገባ ማለት ነው። የትላንቱም መንገድ መጀመሩ ነበር፤ ሚካኤል አልተሻረም።» የኔታ ወደ ማቴዎስ ዞሩ። «ቀኖናህን ስማ። ሐሙስ ከጠዋት እስከ ማታ በጉልበትህ ሆነህ ታርማለህ። በስሕተት የነቀልኸውን ጤፍ፣ አንዲት ሳታስቀር፣ በዚያ ካርድ ላይ ትጽፋለህ። ማታ ለእናትህ ጮኸህ ታነባለህ።»

ሰዉ ሊበተን ሲል ሀብቴ ወደ ኋላ ቀረት አለ። ብረቱን አነሣ፣ በእጁ መዘነው፣ ምራቁን መዳፉ ላይ እንትፍ አለና፣ እንደ መጥረቢያ አዙሮ ያን ቁጥር አራት የተጻፈበትን የገዛ በረዶውን መታው። ኳሱ ጢስ የመሰለውን ጉም ሰንጥቆ፣ ከገደሉ አፋፍ አልፎ፣ ወደ ጎረቤቱ ወረዳ፣ ወደ ሰማዳ፣ ነጎደ። ማቴዎስ በሕይወቱ እንዲያ ያለ ምት አላየም።

ሀብቴ አፉ እስከ ጆሮው ተከፈተ።

«ይኸው!» ብሎ መሕቡብ ከጃንጥላው ሥር ጮኸ። «ይሄ ደስ ያለው ሰው ፊት ነው!»

«የለም! ምንም ደስ አላለኝ!» አለ ሀብቴ፣ ብረቱን ጥሎ። «የባቄላዬን ብድር ነው!»

ሐሙስ ሃያ ሁለት ሰው ወጣ። ጾም ስለነበር የሚቀርበው ሽሮ ብቻ ነበር፤ ግን ዘፈኑ አልጎደለም። ሀብቴ ከፊት ሆኖ ያዘምራል። ማቴዎስ በሁለት ጉልበቱ ጭቃው ውስጥ ገብቶ፣ ጤፍ የትኛው አረም የትኛው እንደሆነ ሳይለይለት፣ ይነቅላል፣ ያያል፣ ያዝናል፣ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ይጽፋል። ካርዱ ዘጠኝ ሣጥን ብቻ ነበረው፤ ረፋድ ላይ ሞልቶ በጀርባው ቀጠለ። አንዳንዴ ወደ ኋላው ሲያይ እናቱ ጎንበስ ብላ ትከተለዋለች። እሱ የነቀላትን ጤፍ እያነሣች፣ ሥሯን በአውራ ጣቷ ጭቃው ውስጥ መልሳ እየወጋች ታልፋለች።

ፀሐይ ሳትታይ ስትጠልቅ ማሳው ጠርቶ ነበር። ሰዉ ጠላውን ይዞ በክብ ተቀመጠ። ማቴዎስ ቆሞ ካርዱን ወደ ዓይኑ አቀረበ፤ ጭቃ ስለነካው ለማንበብ ይከብድ ነበር። ስኮትላንድ ያሉት ይሄን ሲያዩ ምን ይላሉ የሚል ሐሳብ መጣበትና ሄደ።

«ሁለት መቶ ሰባት» አለ።

አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ አዘነ። ታደለች ግን ጣቷን እያጠፈች ቆየች።

«ሁለት መቶ ስምንት ነው» አለች። «አንዷን ከጉልበትህ ሥር ተጨፍልቃ አገኘኋት። ጨምርበት።»

ማቴዎስ እርሳሱን በምራቁ አርሶ ጨመራት።