ከንፈር ማን ያያል

ዳይሬክተሩን የክፍል ጓደኞቹ «የመጨረሻ» ይሉታል። «ይቺ የመጨረሻ ናት» ሳይል ካሜራ አያስነሳም፤ ብሎም አይጨርስ። የመመረቂያ ክሊፑን የሚቀርፀው አክስቱ መኝታ ቤት ነው፤ ክፍል አይሏት ቀፎ!

ዘፈኑን የዘፈነችው ልጅ ክሊፑ ላይ አትታይም። የምትታየው ቆንጂት ናት፤ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ዘፋኟ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በአክስትየው ካፖርቶች መሃል ስፒከር ታቅፋ ዘፈኑን ትከፍታለች። ሌላ መደበቂያ የለማ። የሳጥኑ በር ደግሞ በቀረፃ መሃል ሲጢጥ እያለ ስለሚከፈት ከውጭ ተቆለፈባት።

እሺ ያለችው ለአንድ ነገር ነው። ጀምበር ሳትጠልቅ አዝማቹን ራሷ፣ ፊቷን ለካሜራ ሰጥታ እንደምትዘፍነው ዳይሬክተሩ ቃል ገብቶላታል። እናቷ ጆሮዋ አይሰማም፤ የልጇን ዘፈን ያወቀችው ወጥ ቤት ተቀምጣ፣ ከከንፈሯ ላይ ቃል በቃል ለቅማ ነው። ድምፁ ለእሷ ምኗ ነው? ፊቷን ካላየች ልጇ አልዘፈነችም ማለት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ልጅቱም ያንን ቃል ይዛ ቀኑን ሙሉ ላብ አጥምቋት ዋለች።

ከሰዓት በኋላ ስፒከሩ ድክም ብሎ ጠፋ። የመጨረሻ ምን ቸገረው! እዚያው ሆና በአፏ እንድትዘፍን አዘዛት፤ ቆንጂትንም ከሳጥኑ የሚወጣውን ብቻ ተከተይ አላት። ዘፈነች። ደገመች። በበሩ ስንጥቅ የምትገባው ብርሃን መጀመሪያ ቢጫ፣ ኋላ ቀይ ሆነች። የእኔስ መቼ ነው ብትል፣ ይቺ የመጨረሻ ናት አላት። በሩን ብትደበድብ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ብርሃኗ ልትጠፋ ስትል ቁርጧን አወቀች። በካፖርቶቹ መሃል አየር አጠራት። አዝማቹ ላይ ስትደርስ «እመጣለሁ» የሚለውን ትታ «ክፈቱልኝ» ብላ ዘፈነች። መልሳም «ክፈቱልኝ»፣ አሁንም «ክፈቱልኝ»። ቆንጂት ምን ታድርግ፣ የታዘዘችውን ተከተለች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

የመጨረሻ በደስታ ሊበር ደረሰ፤ ዛሬ ከተቀረፀው ሁሉ ይሄ ይበልጣል አለ። ልጅቱ ከሳጥኑ ውስጥ ቃሉን እኮ ቀይሬዋለሁ ብትለው፣ ቀድሞ ስቱዲዮ የተቀረፀውን ድምፅዋን ላዩ ላይ ደርቦ እንደሚገላገል ነገራት።

«ከንፈር ማን ያያል?» አላት ቁልፉን እያዞረ። ስትወጣ ውጭው ጨልሟል።

ክሊፑ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የታየ ቀን እናት ያላትን ለብሳ ከፊት ተቀመጠች። ልጅቱ ክሊፑ ላይ እንደሌለች አልነገረቻትም፤ በየትኛው አንደበቷ! እናት ስክሪኑ ላይ ልጇን ስትፈልግ፣ ስትፈልግ፣ ዘፈኑ ሊያልቅ ሆነ። ልጅ አንገቷን ደፋች። ከንፈሩ የሰው ከንፈር ነው፤ ቃሎቹ ግን እናት ወጥ ቤት ውስጥ የለመደቻቸው ናቸው። አዝማቹ መጣ። ድምፅ ማጉያው «እመጣለሁ» ይላል፤ ሰዉ ያጨበጭባል። እናት ግን የወንበሩን መደገፊያ ጨብጣ ብድግ አለች። ራሷን ስለማትሰማ ድምፅዋን መመጠን አታውቅበትም፤ አዳራሹ ሁሉ ሰማት።

«ልጄ፣ ማነው የዘጋብሽ?»