የልብስ ሰፊዋ እናት ፎቶ

ፎቶ አንሺው ያረጁ ፎቶዎችን በፊልም ካሜራ መልሶ እያነሳ፣ አጉልቶ በማተም የታወቀ ሰው ነው። ስቱዲዮውን ወደ አንድ አሮጌ ፎቅ ካዛወረ ጀምሮ ግን ያነሳው ሁሉ ይደበዝዝበት ጀመር።

ያላደረገው የለም። የካሜራው ማቆሚያ ላይ አሸዋ የሞላ ከረጢት አንጠለጠለ። ጣቱ እንዳይነቀንቀው የካሜራውን ቁልፍ ከርቀት በሚጫን ረጅም ሽቦ ማንሳት ጀመረ። ካሜራው ውስጥ ያለችው መስታወት ቀጭ ብላ ስትነሳ የምትፈጥረውን ንዝረት ጠርጥሮ፣ እሷንም አስቀድሞ ከፍ አድርጎ ቆለፋት። ወይ ፍንክች! ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ያው ጭጋግ ነው። "እንግዲህ አረጀሁ" ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው የብርጭቆ ውሃ ሲርገበገብ አየ። ጆሮውን ጣል ቢያደርግ ከግድግዳው ማዶ የስፌት መኪና ይንኳኳል። የሁለቱም ክፍል ወለል አንድ ጣውላ ነው።

ሄዶ በሩን መታ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች ከፈተችለት።

"እህቴ፣ መኪናሽ ፎቶዬን እያንቀጠቀጠብኝ ነው።"

"ታዲያ ምን ይሁን ጋሼ? በእጄ ልስፋ?"

"ኧረ አይደለም! ግድግዳውን ሁለቴ ስመታ፣ ለአፍታ እግርሽን ከመርገጫው አንሺልኝ።"

ሳቋ መጣ። "ለአፍታማ ምን ገዶኝ!"

ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ይመታል፤ መኪናው ዝም ይላል፤ ያነሳል። ፎቶዎቹ ጥርት አሉ። እያደር እሷም መልሳ መምታት ለመደች፤ "ጨረሱ ወይ?" ማለቷ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በመሃረብ የተጠቀለለች ፎቶ ይዛ መጣች። የክብሪት ቀፎ ግማሽ አታክልም።

"እናቴ ናት። ሌላ የለኝም፤ መልኳ እየጠፋብኝ ነው" አለችው።

ፎቶ አንሺው ሌንሱን ደጋግሞ አስተካከለ። እሷም ወደ ሥራዋ አልተመለሰችም፤ ትንፋሿን ውጣ አጠገቡ ቆመች። እሱም ትንፋሹን ያዘና ተጫነ።

በሦስተኛው ቀን መዳፍ የሚያህል ፎቶ ሰጣት። ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችው። ከዚያ ጣቷን የእናቷ ቅንድብ ላይ አሳረፈች።

"ይቺ ጠባሳ! ረስቻት ነበር እኮ።"

እንባዋ ፎቶው ላይ እንዳይንጠባጠብ ቀና አለች። ፎቶ አንሺው ሻይ ቀዳላት።

"ስኳር ስንት ላድርግልሽ?"

"አንድ ይበቃኛል። እናቴ ብትሆን አራት ነበር የምትልዎት" አለችና፣ በእንባዋ መሃል እየሳቀች ወንበር ስባ ተቀመጠች።