ከፊት ለፊት የተማረችው ቁልፍ

ደግሞ ዛሬ፣ ከቀን ሁሉ ዛሬ፣ ልጅቷ አራት ወር ሙሉ ስትለማመደው የኖረችውን የሱሪ ቁልፍ ዛሬ እንደማታውቀው ነገር ታየዋለች፣ ጣቷ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ሱሪዋ ይንሸራተታል፣ ቲቸር ይሄ ቁልፍ የኛ አይደለም ትላለች፣ የኛ ነው እናቴ፣ ያው ነው፣ አይደለም፣ ይሄ በዚያ በኩል ነው፣ በየት በኩል? የእጅ ቲቸሯ ጎንበስ ብላ ታያለች፣ እንደገና ታያለች። ወይ ጉዴ።

በዚያ በኩል ነው። ልጅቷ ልክ ነች።

ዓይኗ ግድግዳው ሥር ወደቆመው ጣውላ ይሄዳል፣ የራሷን አሮጌ ካፖርት ቆርጣ በሚስማር መትታ የሠራችው፣ ስድስት ቁልፍ ከነቀዳዳው፣ ሠርታ ስትጨርስ እንዴት ኮርታበት ነበር፣ ፎቶ አንስታ ለእናቷ ልካለች፣ እናቷም ደውላ፣ ለመሆኑ ሥራሽ ምንድነው በትክክል፣ ልጆች ልብሳቸውን እንዲቆልፉ፣ እርሳስ እንዲይዙ፣ ራሳቸውን እንዲችሉ ማስተማር ነው እማዬ፣ ለዚህ ነው አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥሽው? ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ይላል ወረቀቱ፣ ልጆቹ የእጅ ቲቸር ይሏታል፣ የእጅ ቲቸር! ምኑን አስተማርኩት፣ ጣውላው ጠረጴዛ ላይ ሲተኛ ቁልፉ በልጅቷ ቀኝ ይውላል፣ ደህናው እጇ ባለበት፣ ወገቧ ላይ ግን በማይታዘዛት በግራዋ በኩል ነው፣ እኔ ያስተማርኳት ፊት ለፊቷ የቆመን ሰው ልብስ መቆለፍ ነው፣ የኔን ጋውን በአስር ሰከንድ ትቆልፋለች፣ የራሷን ሱሪ አታውቀውም፣ አንድም ቀን በራሷ ወገብ ላይ አልሞከርነውም፣ ለምን፣ ጊዜ ስላጠረ? ክፍሉ ስለሚበርድ? ውሸት። ጣውላው ስለቀለለኝ።

ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት። በአራት ሰዓት ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሁለት የኮሚቴ አባላት አስከትሎ ይመጣል፣ ልጅቷ ለብቻዋ መፀዳጃ ቤት ሄዳ ከተመለሰች ክፍሏ ትቀራለች፣ ካልቻለች ወደ ልዩ ትምህርት ቤት ትዛወራለች፣ መዛወር ደስ የሚል ቃል ነው፣ ትምህርት ቤቱ ከተማውን አቋርጦ ነው፣ ሁለት አውቶቡስ፣ እናትየው የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፣ ጎህ ሳይቀድ ትገባለች፣ ማን ያድርሳት፣ ስለዚህ መዛወር ማለት ቤት መቅረት ነው፣ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ከክፍሉ ሁሉ አጥርታ የምታነበው እሷ ናት፣ ጓደኞቿን እንደ ወታደር ስለምታዝዝ ኮማንደር ይሏታል፣ ኮማንደር ቤት ተቀምጣ ማንን ታዝዛለች፣ ግድግዳውን?

አይሆንም። እኔ እያለሁ አይሆንም።

ነይ ኮማንደር፣ ተቀመጪ፣ አይ እዚያ አይደለም፣ እዚህ፣ ጀርባሽን ለኔ ስጪኝ። ፍራሹ ላይ ከኋላዋ ትቀመጣለች፣ እጆቿን በልጅቷ ብብት ሥር አሳልፋ ወደ ፊት ታወጣለች፣ አሁን የሁለታችን ዓይን በአንድ በኩል ነው የሚያየው፣ እንዲህ ሆኖ መጀመር ነበረበት፣ ጥቅምት ላይ፣ ባለሙያ ተብዬዋ፣ ቲቸር አንገቴን እየኮረኮርሽኝ ነው፣ ይቅርታ፣ በቀኝሽ ተሻግረሽ ያዢው፣ አዎ፣ ግራሽ ጨርቁን ይጫን፣ አልጫንም አለ፣ እሺ እኔ ልጫንልሽ፣ አይ፣ አልጫንልሽም፣ ራስሽ፣ አመለጠ፣ እንደገና፣ አመለጠ፣ እንደገና። ከዘጠኝ አንዴ። አንዴ ገባላት፣ የእጅ ቲቸሯ እልል ልትል ምንም አልቀራትም፣ ቀጥሎ ሦስቴ አልገባም፣ ቲቸር እጄ ደከመው፣ ትንሽ አሳርፊው።

ላስቲክ ቢሆንስ። መርፌና ክር መሳቢያው ውስጥ አለ፣ ቁልፉን በጥሼ ላስቲክ ብሰፋበት አስር ደቂቃ አይፈጅም፣ መስከረም ላይ ጠይቃ ነበር፣ ምክትሉ ምን አላት፣ ዩኒፎርም ዩኒፎርም ነው፣ ለአንዷ ብንፈቅድ ነገ ሁሉም በየፊናው ይለብሳል፣ እሷም ዝም አለች፣ ያን ጊዜ ድርቅ ማለት ነበረባት፣ እሱን ትታ ልጅቷን ለሱሪው ልታስተካክል ተነሳች፣ ሱሪውን ለልጅቷ ማስተካከል ሲገባ። ዛሬ ግን ደብቆ መስፋት ማጭበርበር ነው፣ ቢነቃ ልጅቷ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ይቅር።

በሩ ይንኳኳል፣ እናትየው ናት፣ ከሥራ አስፈቅዳ የመጣች፣ እጇ በሳሙና ብዛት የተላጠ፣ እንደምን አደርሽ እህቴ፣ እንዴት ነው፣ ደርሳለች አይደል? ደርሳለች በይ፣ አትጨነቂ በይ፣ አይ፣ ንገሪያት፣ ምን ያንተባትብሻል፣ እህቴ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ተሳስቻለሁ፣ ቁልፉን በተቃራኒው ነው ያስተማርኳት፣ አሁን ነው ያወቅኩት፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የልጅሽ አይደለም። እናትየው ዞር ብላ ልጇን ታያለች፣ ስደቢኝ፣ ግዴለሽም ስደቢኝ፣ አሁን ታዲያ ምን ይሁን ትያለሽ፣ ትላለች እናትየው፣ ኮሚቴዎቹ ይመጣሉ፣ ልጅሽም ትገባለች፣ ያልቻለችውን እኔ እናገራለሁ፣ እኔ ነኝ የምጠየቀው፣ ከዚህ ወዲያ እጅ አልሰጥም። እኔን እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ትላለች እናትየው፣ ሁሉም አንቺ ነሽ ያጠፋሽው ነው የሚለኝ፣ አለችና ነጠላዋን አስተካክላ የልጇን ፊት በመዳፏ ታብሳለች።

አራት ሰዓት። ኮሪደሩ የኖራ ሽታ አለው፣ ከየክፍሉ የሕፃናት ጫጫታ ይመጣል፣ ምክትሉ ፋይሉን ከፍቶ ይቆማል፣ ሰውየው ክፉ አይደለም፣ በአንድ ክፍል ስልሳ ልጅ፣ የክፍሉ ረዳት ከለቀቀች ወዲህ መምህሯ ስልሳውን ጥላ ልጅቷን መፀዳጃ ቤት መውሰድ አትችልም፣ ይገባታል፣ ቢገባትም ቆሽቷ ያርራል። ደህና አደርሽ ዶክተር፣ ዶክተር አይደለሁም፣ ቀልዱን ለምዳዋለች፣ ከዚያ ድምፁን ወፈር አድርጎ ያነባል፣ ተማሪዋ ያለ ሰው እርዳታ መፀዳጃ ቤት ደርሳ መመለስ መቻሏ ተረጋግጦ ውሳኔ እንዲሰጥ፣ እሺ፣ ይጀመር።

ኮማንደር ትሄዳለች፣ ቀኝ እግሯ ይቀድማል፣ ግራው ይከተላል፣ በሩ ይዘጋል።

እጅሽን ኪስሽ ክተቺ። የዚህ ሥራ ክፉው ነገር ይሄ ነው፣ አለመንካት፣ መርዳት ማንም ይችላል፣ እናቷም ትችላለች፣ እኔ ደሞዝ የሚከፈለኝ ቆሜ ለማየት ነው፣ ውኃ ሲለቀቅ ተሰማ፣ ጎሽ፣ አሁን ዚፑ፣ አሁን ቁልፉ፣ በቀኝሽ ተሻግረሽ፣ ምንም አይሰማም፣ አራት ደቂቃ፣ አምስት፣ ከኮሚቴው አንዱ ያዛጋል፣ ምን አስዛጋህ አንተ ደግሞ፣ ስምንት ደቂቃ፣ ምክትሉ ሰዓቱን ያያል፣ ዶክተር፣ ሰው ቢገባላት አይሻልም፣ ልጅቷም አትንገላታ፣ እናትየው አንድ እርምጃ ትራመዳለች፣ እህቴ እባክሽ፣ እባክሽ ቁሚ፣ አንጀቴ እየተቃጠለ ነው፣ የኔም።

ማንም እንዳይገባ! ከውስጥ ነው፣ የኮማንደር ድምፅ፣ ትእዛዝ ነው። ኮሚቴው ሳይቀር ቀጥ ይላል።

በሩ ይከፈታል። በቀኝ እጇ ነው የገፋችው፣ እጇ ውኃ ያንጠባጥባል፣ ታጥባለች፣ ሱሪዋ ወገቧ ላይ ነው፣ ግን ቁልፉ ክፍት ነው፣ ክፍት ነው፣ አይታዋለች፣ ታዲያ እንዴት አልወረደም፣ ከዚያ የልጅቷን ግራ እጅ ታያለች። ያቺ ከተወለደች ጀምሮ ተጨብጣ የቀረች እጅ፣ አራት ወር በስፖንጅ፣ በሙቅ ውኃ፣ ክፈቺ፣ ትንሽ ክፈቺ እያልኩ የለመንኳት፣ ኮማንደር የሱሪውን ሁለት ጫፍ አገናኝታ ጭብጧ ውስጥ ሸጉጣዋለች፣ ጭብጡ ይዞታል፣ እንደ መቆንጠጫ ይዞታል፣ ማንም አላሳያትም፣ እኔ ጠላት አድርጌ የያዝኩትን እሷ ሥራ ሰጠችው።

ቁልፉ አልተቆለፈም፣ ይላል ምክትሉ። አልተቆለፈም፣ ትላለች የእጅ ቲቸሯ፣ የቁልፉን ልምምድ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ አስተምሬ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ፣ እሱን በጽሑፍ እሰጥዎታለሁ፣ አሁን ያነበቡትን መልሰው ያንብቡት፣ ቁልፍ ይላል? ደርሳ መመለስ ነው የሚለው፣ ደረሰች፣ ታጠበች፣ ተመለሰች፣ ማን ነካት? ሰውየው ያነባል፣ ሁለቴ ያነባል፣ ኮማንደር ግን ትዕግሥቷ አልቋል፣ ሂሳብ ጀምረዋል እኮ፣ ክፍል ልግባ?

ግቢ፣ ትላለች የእጅ ቲቸሯ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ።

ምክትሉ እስክሪብቶ ያወጣል፣ ፋይሉን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይፈርማል፣ ክፍሏ ትቆይ፣ ሱሪዋ እንዳይወልቅ ብቻ፣ ይላል፣ እናትየው ግድግዳው ላይ ተደግፋ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ነገ ፍራሹ ላይ፣ ከኋላዋ፣ በራሷ ወገብ ላይ፣ ላስቲኩንም እንደገና እጠይቃለሁ፣ እስኪሰለቸው እጠይቃለሁ። በክፍሉ በር በኩል ኮማንደር ትታያለች፣ ጓደኛዋን ጠጋ በይ ብላ አዝዛ ትቀመጣለች፣ በቀኟ ደብተሯን ትገልጣለች፣ ግራዋ ከወገቧ አልተነሳም፣ አትክፈቺው፣ ትላለች የእጅ ቲቸሯ በሆዷ፣ ዛሬስ አትክፈቺው።