የሚዶው ሕግ

ልጄ ረዑት መጽሐፍ እጽፋለሁ ብላ የተነሣችው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አምስት ነው፤ በአሥራ ሦስት ዓመቷ። እኔ ያኔ አፉላ ኢንዱስትሪ ቀጠና ከሚገኝ የፕላስቲክ ፋብሪካ እሠራለሁ። ከሰዓት በኋላ ከፈረቃ ስወጣ እሷ ከትምህርት ቤት መጥታ አውቶቡስ ጣቢያው ትጠብቀኛለች። ወደ ሰፈራችን ወደ ጊቫት ሃሞሬ የሚወጣው አውቶቡስ እስኪመጣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለን ሱፍ እየቆረጠምን፣ በዕብራይስጥ የጻፈችውን በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ ታነብልኛለች። እግሬ አብጦ፣ ለዕረፍት ወደ ቤቱ የሚሳፈረው ወታደር ሁሉ በሻንጣው እየገፋኝ፣ ያን ሰዓት ግን በምንም አልለውጠውም ነበር። ዛሬም በዚያ ሳልፍ አግዳሚውን አይቼ ሆዴ ይባባል።

ታሪኩ የአስማት ነው። አንዲት ልጅ የአያቷን ሚዶ ታገኛለች። ፀጉሯን እያበጠረች ወርና ዓመት ከጠራች፣ ሚዶው ያን ጊዜ እናቷ ወደነበረችበት ይወስዳታል። ታዲያ ሕግ አለው፤ የምትሄደው አንዴ ብቻ ነው፣ ታያለች ትሰማለች እንጂ ምንም አትነካም።

መጀመሪያ ሳቅሁባት። "በሚዶ? ቅማል ልትለቅም ነው ዘመን ልትሻገር?" አልኳት። ኋላ ግን ነገሩ ያዘኝና የሕጉ ዘበኛ እኔው ሆንኩ። ረዑት ልጅቷን የላከቻት እኛ ከአዲስ አበባ ወደ ኢየሩሳሌም በአውሮፕላን ወደወጣንበት ቀን ነው፤ ኤምባሲው ግቢ ውስጥ ሕዝቡ ታጭቆ። አንድ ቀን ልጅቷን ጠምቷት ከቧንቧ ውሃ አስጠጣቻት። ደሜ ፈላ።

"አንቺ! ምንም አትነካም ብለሽ የለም እንዴ? ቧንቧውን ማን ከፈተላት?"

"ኢማ፣ ትንሽ ውሃ ናት!"

"ዛሬ ቧንቧ ከከፈተች ነገ አውሮፕላን ትነዳለች! ሰርዢው!"

ሰረዘችው፤ ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፋኝ።

የጉዟችንን ቀን የመረጠችው ስለ እኅቴ ስለ ሸዋነሽ ብላ ነው። ሸዋነሽ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። እኛ በአውሮፕላን ስንመጣ እሷ ቀረች፤ ተራዋ ሳይደርስ በዓመቱ እዚያው ታማ ሞተችብን። ረዑት ይህን ታውቃለች። ለምን እንደቀረች ግን ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

መጽሐፉ ለውድድር ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ረዑት ፊቷን አጥቁራ መጣች። መምህሯ ሞራ ናዖሚ አንብባው በቀይ ጽፋበታለች፤ "ልጅቷ የጠራችው 1983 ነው። በ83 ይህ ሁሉ ሕዝብ አልመጣም። ሚዶው የተጠራለትን ዓመት የማይሰማ ከሆነ ምን ሕግ አለው?"

"አሳሳትሽኝ! በስንት መጣችሁ ስልሽ በሰማንያ ሦስት፣ ግንቦት ላይ አላልሽኝም?"

የኔ ነገር! በኛ አቆጣጠር ሰማንያ ሦስት የሆነው በነሱ፣ በፈረንጆቹ፣ ዘጠና አንድ መሆኑን አልነገርኳትም። እሷም በክፍል የተማረችውንና ከእኔ የሰማችውን ዓመት አላስተያየችውም። አሁን ወይ ቁጥሩን ወይ ቦታውን መቀየር አለባት።

"ቁጥሩን ቀይሪው እንጂ!" አልኩ፣ አፌ ቀድሞኝ። "ዘጠና አንድ በይ። ሄዳ ታምጣት!"

ልጄ አፈጠጠችብኝ። "ማንን? ኢማ፣ ምንም አትነካም እኮ። ውሃውን ያሰረዝሽኝ አንቺ ነሽ።"

እውነቷን ነው። አሥራ አራት ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየው ነገር እዚያው አግዳሚ ላይ ወጣ።

"የላክኋት እኔ ነኝ" አልኳት። "ጫማዬ ጫማ ሰፊ ጋ ነበር። ኢየሩሳሌም በተቀደደ ጫማ አልገባም አልኩ። ሮጥ ብለሽ አምጪልኝ አልኳት፤ ሮጠች። ሳትመለስ የኤምባሲው በር ተዘጋ።"

አውቶቡሳችን መጥቶ ሄደ፤ አልተነሣንም። ረዑት እጄን ያዘችኝ።

"ኢማ፣ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሕጉን እሰብረዋለሁ። አንዴ ብቻ። ልጅቷ የሸዋነሽን እጅ ይዛ ታስገባታለች።"

እግዜር ያውቃል፣ "እሺ" ልላት ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። እንዴት እንዳማረኝ!

"ይቅር" አልኳት። "ደብተሩን ስንዘጋው ዳግመኛ የለችም። ያኔ ሁለተኛ ልቀብራት ነው። ሕጉ እንዳለ ከሆነ ደግሞ ልጅቷ እዚያ ቆማ ምን ታያለች? በሩ ሲዘጋባት። እሱን እኔ በየቀኑ አየዋለሁ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ቦታውን ቀይሪና ሰማንያ ሦስትን እንዳለ ተዪው። የነሱን ሰማንያ ሦስት።"

"ያኔ የት ነበራችሁ?"

ጎንደር፣ አገራችን ነበርን። እናቴ ሸክላ ትሠራለች፤ እኔና ሸዋነሽ ከወንዙ ዳር አፈሩን ቆፍረን እናመጣለን፣ እናቦካለን። ሸዋነሽ ከጭቃው እየሰረቀች ዶሮ ትሠራበታለች። አንድ ቀን "ቀርፋፋ" ብላ ሰደበችኝና በጭቃ እጄ ጆሮ ግንዷን አልኳት። እሷ ምን አላት! ያን ሁሉ ጭቃ አናቴ ላይ ለቀለቀችውና እናታችን ዱላ ይዛ እስክትወጣ መሬት ላይ ወድቀን ስንስቅ፣ ስንስቅ። ይህን ሁሉ ዘንግቼው ኖሯል። እሷን ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ሮጣ ስትሄድ ጀርባዋ ብቻ ነበር። ለረዑት ሳወራላት ግን ፊቷ ጥርት ብሎ መጣ፤ ፍንጭት ጥርሷ ሳይቀር። እንባዬም ሳቄም አንድ ላይ ወረደ።

ረዑት ጉልበቷ ላይ ደብተሯን ዘርግታ ትጽፋለች። የሚቀጥለው አውቶቡስ መጥቶ በሩን ከፈተ።

"ሸዋነሽ ያኔ ስንት ዓመቷ ነው?" አለችኝ ቀና ሳትል።

"ዘጠኝ።"

"ኢማ፣ አውቶቡሱ! ቶሎ በይ፣ ከዚያስ?"

"ምን አስቸኮለሽ፣ ይሂድ" አልኳት። "ገና ስምንት ዓመት አብረን ነን።"