ገና ይመጣል

ማይኩ እኔ ጋ ሲደርስ ወንበሩ ባዶ ይመስል ዘሎኝ ያልፋል። ስድስት ወር ሙሉ እንዲህ ነበር። መምህር ጌታቸው፣ ጡረታ የወጣው፣ የንባብ ክበባችን ሰብሳቢ፣ ከግራዬ ካለው ይቀበልና ከቀኜ ላለችው ይሰጣል። እጄን ሳወጣ «እማማ፣ ውሃ ፈለጉ?» ይለኛል። ውሃ! እኔ ወለተጻድቅ አስተያየት ይዤ እንጂ ጠምቶኝ አልመጣሁም። አንዷ ቁንጥንጥ ደግሞ «መጽሐፉን ማን አንብቦልዎት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ዓይኔ» አልኳት።

ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ አልዋሽም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ልጅ አዝዬ ሦስት ወር ፊደል ቆጠርኩ፣ በቃ። ከዚያ ወዲያ ያነበብኩት የታክሲ ታፔላ፣ የመድኃኒት ካርቶንና ዳዊት ነው። ባለቤቴ አሰፋ ካረፈ በኋላ ቤቱ ጭር ሲልብኝ፣ 18 ማዞሪያ መጽሐፍ ከሚያከራየው ከፍቅረማርያም ዘንድ ሄድኩና መደርደሪያውን ከአንድ ጥግ ጀመርኩ። የጀመርኩበት ጥግ የወንጀልና የሳይንስ ልቦለድ ሆነ። የፍቅሩ ወዲያ ማዶ ነበር፤ ለሱ ጊዜዬ አልፏል።

ክበቡም የሚሰበሰበው እዚያው ፍቅረማርያም ሱቅ ጀርባ ካለች ክፍል ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማይኩን ከመምህር ጌታቸው እጅ መነጨቅኩት።

«ባጭሩ እንግዲህ፣ እማማ» አለኝ።

«ስትናገር ባጭሩ ያለህ ሰው አለ?» ብዬ ጀመርኩ። «ሦስት መጽሐፍ ጨርሻለሁ። አንደኛው ሰዎች ማርስ ላይ ስለሰፈሩበት ነው። ጸሐፊው መንኮራኩሯን እስከ ብሎኗ ነግሮናል፤ ጎበዝ ነው። ግን ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ አንድ ሰው እግሩን አልታጠበም። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሐሙስ ሄዳ እሑድ እስክትመለስ ሰው ምን ዓይነት አውሬ እንደሚሆን አውቃለሁ። እነዚያ ዓመት ሙሉ ውሃ ሳይኖራቸው በጄሪካን ተራ አንድ ቀን አልተጣሉም። እንዲህ ያለ ሰው ማርስ ላይም አይገኝም።»

ሰው ሳቀ። ጣመኝ።

«ሁለተኛው ሆቴል ቤት ውስጥ ሰው የተገደለበት ነው። ገዳዩን ገጽ ሠላሳ ላይ ያዝኩት። ዘበኛው ነው። ለምን? ያገኘውን ሰው ሁሉ ሻይ ይጋብዛል። ልቦለድ ውስጥ ያለ ምክንያት ሻይ የሚጋብዝ ሰው አትመኑ። ሦስተኛው የቤተልሄም ነው።»

ቤተልሄም ከኋላ ተቀምጣለች። የሳንሱሲ ሰፈር ልጅ ናት፣ ሃያ አምስት ቢሆናት ነው። መጽሐፉ የመጀመሪያዋ ነው፤ ከታተመ ወር አልሞላውም። አንድ የእህል ነጋዴ በሐምሌ ዝናብ መጋዘኑ ውስጥ ተገድሎ ይገኛል፤ ግድግዳው ላይ በከሰል ሁለት ቃል ተጽፏል፦ ገና ይመጣል።

«ልጄ» አልኳት በማይኩ፣ «ገዳይሽ ገና ይመጣል ብሎ ጻፈ። እኔም የልደትን በዓል ጠበቅኩ። ሐምሌ አለቀ፣ ነሐሴ አለቀ፣ መስከረም ላይ መጽሐፍሽ አለቀ። ገና የታለ? እስከ ጀርባ ሽፋኑ ገለበጥኩት፤ ያገኘሁት ያንቺን ፎቶ ነው። ወር መቁጠር ያልቻለ ሰው ሬሳ እንዴት ይቆጥራል?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መጽሐፉን ማንም አላነበበውም ነበር። መምህር ጌታቸው እንኳ እንዳነበበ ሰው ራሱን እየነቀነቀ «በጣም ጥሩ ሂስ ነው» አለ።

ቤተልሄም ብድግ አለች። «እማማ፣ እሱ እኮ...» ብላ ጀመረችና አየችኝ። ማይኩን በሁለት እጄ ጨብጬው ነበር። አፏን ገጠም አደረገች። ከዚያ «ልክ ነዎት እማማ፣ ስህተቱ የኔ ነው» ብላ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

ያን ቀን ቤቴ የገባሁት በእግሬ አይመስለኝም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሰፈሩ «ሃያሲዋ መጣች» ይለኝ ጀመር።

ሰኞ አስኮ ያለችውን ጓደኛዬን አልማዜን ልጠይቅ 18 ማዞሪያ ታክሲ እጠብቃለሁ። ሰልፉ ረዝሟል። ተራ አስከባሪውን ገሜዳን «የአስኮ የለም እንዴ ዛሬ?» አልኩት።

«ገና ይመጣል እማማ!» አለኝ።

አላልቶ ነው ያለው። ሰው ሁሉ እንደሚለው፣ እኔም በቀን ሃያ ጊዜ እንደምለው። እስካሁን አልመጣም፣ ይመጣል ማለቱ ነው። የበዓሉን ገና እናጠብቀዋለን፣ ይሄኛውን እናላላዋለን፤ በአፍ ሲሆን ዘመዳሞች እንኳ አይደሉም። ወረቀት ላይ ግን አንድ ናቸው። ፊደል በቆጠርኩበት በዚያ ሦስት ወር ውስጥ የሚጠብቀው ከሚላላው በምን ይለያል ብዬ አልጠየቅኩም፣ የነገረኝም የለም፤ ለካ ምልክትም የለው።

ታክሲው መጣ። ገሜዳ «ይግቡ እንጂ እማማ፣ የርስዎ ተራ ነው!» እያለ ይጮኻል። እኔ ዞሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

መጽሐፉን እንደገና ገለጥኩት። ገና ይመጣል፤ ሌላ ሬሳ አለ፣ ጠብቁ ማለት ነው። በሁለተኛው ቀን የነጋዴው ሒሳብ ሠራተኛ ይሞታል። እኔ ይሄን ሞት «ዝም ብሎ የገባ» ብዬ በጥድፊያ አልፌው ነበር። አሁን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። መርማሪዋ ለምን እንቅልፍ እንዳጣች፣ መጋዘኑ ለምን በሦስት ቁልፍ እንደተቆለፈ ገባኝ። ጥሩ መጽሐፍ ነው። በዚህ ዓመት ካነበብኩት ሁሉ የሚበልጥ ነው። ብቻዬን ከቤቴ ተቀምጬ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ማክሰኞ ፍቅረማርያም ዘንድ ሄድኩ። መጽሐፏ ከጠረጴዛው ላይ የለም።

«ቤቲ ሰብስባ ወሰደችው» አለኝ። «አርማ ልትመልሰው ነው። እርስዎ ያገኙትን ስህተት ልታስተካክል።»

ከዚያ በቀጥታ ሳንሱሲ። ቤተልሄምን እናቷ ሱቅ ውስጥ ወለሉ ላይ አገኘኋት። መጽሐፍ በካርቶን ከቧታል። አንዱን ታነሳለች፣ ገጽ አሥራ አራትን ትገልጣለች፣ «ገና» ከሚለው ቀጥላ በእስክሪብቶ «ነው» ብላ ትጨምራለች፤ ገና ነው፣ ይመጣል። ትዘጋለች፣ ሌላ ታነሳለች።

«እማማ! ይግቡ፣ ይቀመጡ» ብላ በርጩማ ሰጠችኝ፤ ለስላሳ ከፈተችልኝ።

ከቅዳሜው ይልቅ የማፍረው ከዚህ በኋላ ባደረግኩት ነው። ስቀመጥ ነገሩ ታየኝ። «ነው» የምትለዋ ቃል ከገባች መጽሐፉ ስህተት ነበረበት ማለት ነው፤ ያገኘሁትም እኔ ነኝ። ማንም አያውቅም። ሃያሲዋ ሃያሲ ሆና ትኖራለች። ዝም አልኩ። ሦስት መጽሐፍ በፊቴ አለፈ። አራተኛውንማ እኔው ራሴ ገጹን ገልጬ አቀበልኳት።

እሷ ተቀብላ ጻፈችና «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» አለችኝ። «እውነቴን ነው። ጓደኞቼ ሁሉ ፎቶ አንስተው ለጠፉልኝ እንጂ አላነበቡልኝም። እስከ መጨረሻው ያነበበልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ለስላሳውን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት።

«እስክሪብቶውን አምጪ» አልኳት።

«ለምን?»

«አምጪ አልኩ! አውቀሽ ነው አይደል ዝም ያልሽው?»

«ምኑን?»

«ቤተልሄም፣ በሽበቴ አታሹፊ። ገናን ነዋ!»

ወለል ወለሉን አየች። «ማይኩን እንደዚያ አድርገው ይዘውት... ሰው ፊት ምን ልበል እማማ? አላነበቡትም ልበል?»

«አዎ፣ በይ!»

«እናቴ ትገድለኛላ።»

«ሦስተኛዋ ሬሳ ትሆኚያለሽ፤ መጽሐፉም ይረዝማል።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

«ደግሞ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ሁለት ዓይነት እንደሚነበብ ማሰብ ነበረብኝ።»

«ሐምሌ ላይ የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት አያነበውም። የቀሩትን እንዳትነኪ።»

«ይስቁብኛል እኮ» አለች፤ ድምጿ ቀጠነ። «ቅዳሜ እስከ ፌርማታ ድረስ ገና መቼ ነው ቤቲ እያሉ ነው የሸኙኝ። ሁለተኛውን መጽሐፍ ጀምሬ ነበር፤ ትቼዋለሁ። ወር መቁጠር የማትችል እየተባልኩ ማን ያነብልኛል?»

ያቺን ቃል ከኔ አፍ ነው የወሰደችው።  እስክሪብቶውን ከእጇ ወስጄ መቀነቴ ውስጥ ሸጉጬ ወጣሁ፤ እስካሁንም እኔ ጋ ነው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሁሉም ከመድረሱ በፊት መጥቼ ፊት ተቀመጥኩ። መምህር ጌታቸው ሲያየኝ ፊቱ በራ። «ሃያሲያችን! ዛሬ በእርስዎ ነው የምንጀምረው» አለኝ። ስድስት ወር የጠበቅኩት ቃል ነው።

ቤተልሄምም መጥታለች፤ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፣ እግሯ ወደ ውጭ ነው።

«ጥሩ» አልኩት። «የምናገረው ስለራሴ ስህተት ነው። የሳቃችሁባት ልጅ ልክ ናት። አንብቤ ያልገባኝ እኔ ነኝ።» ገሜዳ ያለኝን፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን በጆሮው ነገርኩት።

መምህር ጌታቸው ዙሪያውን አየና አጠገቤ ቁጭ ብሎ ጎንበስ አለልኝ። «እማማ፣ ይሄ ምን ማይክ ያስፈልገዋል?» አለ በሹክሹክታ። «ልጅቷም ትታዋለች። ክብርዎን ለምን ያስነካሉ? በውስጥ እንጨርሰው።»

ማይኩን ከጀርባው ደበቀው።  መጽሐፉን ገጽ አሥራ አራት ላይ ገልጬ ጉልበቱ ላይ አኖርኩት።

«ስትስቁ በውስጥ ነው የሳቃችሁት?» አልኩት፣ ቤተልሄም እንድትሰማ ጮክ ብዬ። «በማይክ አዋርጃታለሁ፣ በማይክ እመልስላታለሁ። መጀመሪያ ግን አንተ፣ አንብቦታል ተብለህ የታመንከው፣ ተነስና ያቺን የግድግዳ ጽሑፍ ለዚህ ሁሉ ሰው አንብብ። አላልተህ። ከዚያ ማይኩን ወዲህ በል።»