የጉሬዛ ጾም

እትዬ ሠርኬ ድመታቸውን ጉሬዛን ወደ ቤት ያስገቧት ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነው። ያን ጊዜ መዳፋቸው ላይ ትቀመጥ ነበር። በሚሌኒየሙ ዓመት ግን አሥራ ስድስት ሞላት፤ ለድመት ይህ የእትዬ ሠርኬ ዕድሜ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ከበሩ ደፍ ወጥታ አታውቅም። በርበሬ በረንዳ ሰፈር ውስጥ የአይጥ መርዝ የማያስቀምጥ ነጋዴ የለም፤ መርዝ የበላች አይጥ የበላች ድመት ደግሞ ማግስቱን አታይም። ስለዚህ ጉሬዛ ዓለምን የምታየው በመስኮት ነበር።

ሱቁ ከፊት ነው፤ ቤቱ ከኋላ። ሱቁን የያዘው ልጃቸው መስፍን ነው፤ ጥቁር አዝሙድ፣ ኮረሪማና እርድ ይሸጣል።

ከሦስት ዓመት ወዲህ የጉሬዛ ሆድ አልስማማ አላት። አንድ ሰሞን ይላላል፤ አንድ ሰሞን ይደርቃል። በሁለቱ መካከል ታስመልሳለች። እትዬ ሠርኬ ያላደረጉላት ነገር የለም። ፌጦ ለሁሉም መድኃኒት ነው ብለው ፌጦ ሰጧት፤ አሸተተችውና ሁለት ቀን አኮረፈቻቸው። ተልባ አጠጧት፤ ጠጥታ አልጋቸው ላይ መለሰችው። ከተክለ ሃይማኖት ጠበል አመጡላት፤ ጠበሉን ያለ ክርክር ጠጣች፤ ለውጥ ግን አልታየም። ከሁሉም አብልጠው የሚያምኑት ወተትን ነበር። ጠዋት አንድ ሲኒ፣ ማታ አንድ ሲኒ። ሲብስባት ሁለት ሁለት ሲኒ።

«ወተት ሆድ ያለሰልሳል» ይሉ ነበር። ማንም አልተከራከራቸውም። ወተት ሆድ አያለሰልስም የሚል ሰው በዚያ ሰፈር ገና አልተወለደም።

ነገሩ የከረረው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። ከደሴ የመጣ ደንበኛ ጥቁር አዝሙድ ሊያይ እጁን ወደ ጆንያው ሰደደ። እጁን መልሶ አወጣና ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ የተለቀለቀ እጁን በጆንያው ጠርጎ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሄደ።

መስፍን ወደ ጓዳ ገባ።

«እማዬ፣ በቃ።»

«ምኑ ነው የበቃው?»

«እስከ ፋሲካ እታገሣለሁ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ሱቄን ብታበላሽ፣ በጆንያ አድርጌ አቃቂ ማዶ ነው የምጥላት።»

ድመት የሚጣለው እንደዚያ ነው። መንገዱን እንዳያይ ይቋጠራል፤ ተመልሶ እንዳይመጣ ወንዝ ይሻገራል። እትዬ ሠርኬ ይህን ያውቃሉ። ደፍ ተሻግራ የማታውቅ አሮጊት ወንዝ ማዶ ስንት ቀን እንደምትቆይም ያውቃሉ።

«እኔንም አብረህ ቋጥረኛ» አሉት።

«አንቺን ጆንያ አይችልሽም» አለና ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ጾሙ ሲቃረብ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። እትዬ ሠርኬ ባለፈው ዓመት፣ በጾም፣ የጉሬዛን ወተት ሲያሞቁ ሙቀቱን በጣታቸው ለክተው ጣታቸውን ላሱት። ጾም መሆኑ ትዝ ያላቸው ከዋጡት በኋላ ነው። የንስሐ አባታቸው አባ ሀብተ ወልድ አርባ ስግደት ሰጧቸው፤ ጉልበታቸው እስከ ሐምሌ ድረስ አልተመለሰም። ዘንድሮ አስቀድመው ሄደው ጠየቁ።

«አባ፣ በጾሙ ድመቷ ምን ትብላ?»

«የምታበላት ጎረቤት የለሽም፣ ልጄ?»

«ጎረቤቴማ ሀስና ናት። ሙስሊም ናት።»

«ታዲያ?»

«ሥጋው የሙስሊም ሥጋ ነዋ፣ አባ። ጉሬዛ ክርስቲያን ቤት ነው ያደገችው።»

አባ ሀብተ ወልድ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ተጠምቃለች?»

«ኧረ አልተጠመቀችም።»

«እንግዲያው ትብላ። ወተቱን ግን ቤትሽ አታስገቢ። ጣትሽን አላምነውም።»

ሀስና የባህረዲን ሚስት ናት፤ ባህረዲን የፕላስቲክ ባልዲ በጅምላ ይሸጣል። ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው የቆርቆሮ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ከታች በኩል ሳህን የሚያሳልፍ ክፍተት አለው። ሀስና በየቀኑ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ያለ ጨው የተቀቀለ ሳንባ በዚያ ታቀብላለች። እትዬ ሠርኬ ሳህኑን በሁለት ጣት ይዘው ወለሉ ላይ ያስቀምጡና ፊታቸውን ያዞራሉ።

«እትዬ ሠርኬ!» ይላል ባህረዲን ከግድግዳው ወዲያ። «ድመትዎ ሰለመች የሚባለው እውነት ነው?»

«አንተ ባለጌ! አባ ፈቅደውላት ነው።»

«ስሟንስ እንቀይርላት?»

«ሀስና፣ ይህን ባልሽን ዝም አሰኚልኝ።»

«እኔንስ መቼ ሰምቶኝ ያውቃል፣ እትዬ? ሳህኑን ብቻ ይመልሱልኝ።»

በሁለተኛው ሳምንት የጉሬዛ ማስመለስ ቀረ። በአራተኛው ሳምንት እትዬ ሠርኬ ጉሬዛ የምትጸዳዳበትን የሰጋቱራ ትሪ አንስተው ወደ መስፍን ሄዱ። ሰጋቱራው ላይ ያለው ነገር እንደ ተምር ቅርጽ ይዞ፣ ደረቅ ብሎ ተቀምጧል። መስፍን ምሳ እየበላ ነበር።

«እየው እስቲ» አሉት።

«አየሁት፣ እማዬ። አንሺልኝ።»

ስለ ምክንያቱ ሁሉም የየራሱ እምነት ነበረው። እትዬ ሠርኬ ጠበሉ ነው አሉ። ሀስና ዱዓዬ ነው አለች። ባህረዲን ሳንባው ነው፣ ገንዘቡን የከፈልኩት እኔ ነኝ አለ። ወተትን ያነሳ ሰው አልነበረም።

የፋሲካ ዕለት እትዬ ሠርኬ ፈሰኩ። ጉሬዛ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ስታያቸው ግን ጉርሻውን መሶቡ ላይ መለሱት። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ እሷም ወተት አልቀመሰችም። በቤት ውስጥ ያለ ነፍስ ሁሉ ይፈስካል እንጂ አንዱ ተነጥሎ አይቀርም። አንድ ሲኒ ወተት አሞቁላት።

«እንኳን አደረሰሽ፤ ፈስኪ» አሏት።

ጉሬዛ ሲኒውን ላሰችው። ደገሙላት፤ በዓል ነውና።

ማክሰኞ መስፍን ሱቁን ከፈተ። ከሰጋቱራው ትሪ ለመድረስ ጉሬዛ ሞክራ ይሆናል፤ የደረሰችው ግን ሚዛኑ ድረስ ብቻ ነው። የሚዛኑ መርፌ ከዜሮ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቆሟል።

መስፍን መርፌውን አየ። ወደ ጥጉ ሄደ። ባዶ ጆንያ አንስቶ አራገፈ።

እትዬ ሠርኬ የጓዳው በር ላይ ቆሙ።

«ተነጋግረን ነበር እኮ፣ እማዬ።»

«የፋሲካ ዕለት አንተስ? ስንቴ ነው ሽንት ቤት የተመላለስከው? ሃምሳ አምስት ቀን ሽሮ የለመደ ሆድ ክትፎ ሲገባበት እንደዚያ ነው የሚሆነው። አንተን ማን በጆንያ ቋጠረህ?»

«እኔ ሚዛን ላይ አልወጣሁም።»

ይህ እውነት ነበር። እትዬ ሠርኬ ጆንያውን በአንድ ጫፉ ያዙ።

«እስከ ዳግማ ትንሣኤ ስጠኝ።»

መስፍን ጆንያውን ከሚዛኑ በላይ ያለው ምስማር ላይ ሰቀለው። «እስከ እሑድ። ሰኞ ይወርዳል።»

እትዬ ሠርኬ ሚዛኑን እያጠቡ ሳለ የገዛ አፋቸው የተናገረው ነገር ወደ ጆሯቸው ተመለሰ። መስፍንን ክትፎው ነው የበጠበጠው። ጉሬዛንስ? ሳንባው ያው ነው፤ ሀስና ፋሲካ ነው ብላ አላቋረጠችም። ጠበሉም ያው ነው። አዲስ የመጣው ሲኒው ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ሲብስባት ሁለት ሁለት።

ሚዛኑን አስቀምጠው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ እንዴ?» አሏት።

ጉሬዛ መዳፏን ትልስ ነበር።

ጉሬዛ ወደ ጾሟ መመለስ ነበረባት። ችግሩ፣ ወተት ከሸተታት ሲኒዋን እስክታገኝ ድረስ ትጮኻለች፤ ስለዚህ ወተት ቤት ውስጥ ጨርሶ መግባት የለበትም። ወቅቱ ደግሞ በዓለ ሃምሳ ነው። በሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እንኳን አደረስዎ ለማለት የመጣ ሰው ሁሉ ጥቁር ሻያቸውን አይቶ ምን ሆነው ነው ይላል። ለዚያኛው እራስ ምታት፣ ለዚህኛው ደም ግፊት ሲሉ ሁለት ቀን አለፈ። እትዬ ሠርኬ ወተት በሻይ ይወዳሉ፤ ሃምሳ አምስቱን ቀን የቆጠሩት እሱን እያሰቡ ነበር።

መላውን ያመጣችው ሀስና ናት።

«እትዬ፣ እኛ ቤት ይጠጡ። ወተት የክርስቲያንና የሙስሊም የለውም።»

ሄዱ። ባህረዲን ብርጭቆውን ሲያይባቸው ፈገግ አለ።

«አሁንስ እርስዎም…»

«ዝም በል፣ አንተ ያልተጠመቅህ!»

ጠጥተው አፋቸውን በውኃ ተጉመጥምጠው፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ተመለሱ። ጉሬዛ ጭናቸው ላይ ወጣች። አፍንጫዋን ወደ ከንፈራቸው አስጠግታ አሸተተች፤ ደግማ አሸተተች። ከዚያ ዓይናቸውን ትክ ብላ አየቻቸው። እትዬ ሠርኬ ፊታቸውን አዞሩ። በየቀኑ እንዲህ ሆነ።

እሑድ ማታ መስፍን ራሱ ሄዶ የሰጋቱራውን ትሪ አየ። ሁለት ተምር።

ትሪውን መልሶ አስቀመጠ። ሰኞ ጠዋት ጆንያውን ከምስማሩ አወረደው። እትዬ ሠርኬ ጉሬዛን አቅፈው፣ በጓዳው በር ቀዳዳ እጁን ይከታተሉ ነበር። መስፍን የጆንያውን አፍ ከፈተና እርድ መሙላት ጀመረ።

ከምሳ በፊት አንድ ደንበኛ መጥቶ ጆንያውን ጫነው። የአቃቂ ሰው ነበር።