በጉንጭ በኩል

ከሰዓት በኋላ ሲሆን የመጋረጃ ሰፊው ቤት ራሱ የሚያንቀላፋ ይመስላል። ከጣሪያው የተንጠለጠሉት ስስ ጨርቆች ነፋስ ሲነካቸው ቀስ ብለው ይነሳሉ፣ ቀስ ብለው ይወርዳሉ። ከሥራቸው ፍራሽ ላይ የአምስት ዓመት ልጁ ትኩሳቷን ታቅፋ ተኝታለች። "ቁልፌ" ነው የሚላት። ስትወለድ ከኮት ቁልፍ አትበልጥም ነበር ብሎ ይምላል፤ ውሸቱን ነው።

ጠዋት ግን ውሸት ጉድ ሠራው። የሳንባ ምች መድኃኒቷን አልውጥም ብትለው፣ ብልጥ ነኝ ብሎ ብርጭቆ ሙሉ ወተት ውስጥ ደባለቀው።

"ምን አለበት?" አለችው።

"ወተት ብቻ ነው።"

ሁለቴ ተጎነጨችና ፊቷ ተኮማተረ። እሱ ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ፣ "ጠጪው እንጂ፣ ወተት ብቻ ነው" አላት። ከዚያ ወዲህ ከእጁ ውሃ እንኳ አልቀምስ አለች። በአፏ ካልወሰደች ሆስፒታል ተኝታ በመርፌ ትታከማለች ተብሏል። መርፌውም ያስፈራዋል፤ የባሰበት ግን እንደ ባዳ ስታየው ነው።

ልጅቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ መድኃኒት ቤት ሄደ።

"ወንድሜ፣ ወተቱ ሲተርፍ ስንት እንደገባላት በምን ታውቃለህ?" አለችው ባለሙያዋ የሆነውን ሲነግራት። "መድኃኒቱም አልገባ፣ ወተቱም ተጠላ። የጠዋቱን አትድገምባት፤ የሚቀጥለውን በሰዓቱ ስጣት።" መርፌ የሌለው ሲሪንጅ አቀበለችው። "ቀና ብላ ትቀመጥ። በጉንጯ በኩል፣ ትንሽ ትንሽ፣ እስክትውጥ እየጠበቅህ። ጉሮሮዋ ላይ ከለቀቅኸው ትን ይላታል። ደግሞ ጣፋጭ ነው ብለህ እንዳትዋሻት።"

ሲመለስ ነቅታ ጨርቆቹን ታያለች።

"ባሕር ውስጥ ነን" አለች በእንቅልፍ ድምፅ። "ዓሣዎቹ ግን ተደበቁ። አንተን አይተው ነው።"

"እውነታቸውን ነው" አለ።

ሰዓቱ ሲደርስ ትራስ ደግፎ ቀና አደረጋትና ሲሪንጁን ፊት ለፊቷ ሞላው።

"መራራ ነው?"

"አይደለም" የሚለው ምላሱ ላይ መጥቶ ነበር። እሱን መዋጥ ከበደው።

"መራራ ነው። ጠዋት ወተትሽ ውስጥ የደበቅሁት እሱን ነው። ዋሽቼሻለሁ፤ ይቅር በይኝ ልጄ።"

ጨርቆቹ ተነሱ፣ ወረዱ። ከዚያ እጁን ይዛ የሲሪንጁን ጫፍ ራሷ ጉንጯ ውስጥ አስገባችው። እሱ ትንሽ ይገፋል፣ እሷ ትውጣለች፣ ይጠብቃታል። እንባዋ ቢወርድም አፏን አልዘጋችም። እሱም አብሯት ምራቁን ይውጥ ነበር።

"ዓሣዎቹ መጡ" አለች ሲያልቅ።

ወተት ቀድቶ አቀረበላት። ብርጭቆውን አየች፣ ቀጥላ ዓይኑን።

"ምን አለበት?"

"ወተት ብቻ ነው።"

የጠዋቱ ቃል ነው፣ አንድም አልተለወጠም። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች።